ጓዝ የጫነ ሁሉ ድምፅ አልሰጠም

ሰሞኑን በየቴሌግራም ቡድኑ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከተለያዩ ወዳጆቼ ደርሶኛል። አብዛኞቹ «የልባችንን ጽፎታል» የሚል ቃል አክለውበታል። ጽሑፉ የአካባቢ ፖለቲካ ሰዎች የሚኖሩበትን ቦታ እንዴት እንደሚወስን ይናገራል፤ ማስረጃውንም በዋናነት የሚያመጣው ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ነው። ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው ከተማዋን ያውቋታል፤ ከሰፈር ስም እስከ ታክሲ መስመር አልተሳሳቱም። የማልስማማው በመደምደሚያቸው ነው።

ላላነበበው ሰው ጭብጡን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚነሱት ሰው አስተዳዳሪውን የሚመዝነው በምርጫ ካርድ ብቻ ሳይሆን ጓዙን ጠቅልሎ በመሄድም ነው ከሚል ሐሳብ ነው። ከዚያ አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ሕዝቡ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎና ገላን የሄደው የመሀሉን አስተዳደር ጠልቶ የዳሩን ስለወደደ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሰው በማንነቱ እየተሰባሰበ ሰፈር መምረጥ ጀምሯል፤ ይህም ከዚህ በፊት ያልታየ ነው። ሦስተኛ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም አነስተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ ያልነበረውን የመምረጥ ዕድል ሰጥቶታል። አራተኛ፣ የቤት ኪራይ የገበያ ጉዳይ ስለሆነ ፖለቲካ እጁን ሲያስገባበት ይበላሻል፤ ለዚህም የ2016 ዓ.ም. የኪራይ አዋጅ ምስክር ነው። አምስተኛ፣ በአሜሪካ እንደሚታየው ወረዳዎችና ከተሞች ነዋሪ ለመሳብ ይወዳደሩ፤ ነዋሪውም ያልወደደውን እየለቀቀ ይቅጣቸው።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ሌሎቹ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ሰው ከመሀል ወደ ዳር መሄዱ እውነት ነው። ግን ሄደ ወይስ ተወሰደ? ልደታና የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት ሲፈርሱ፣ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ተጀምሮ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲነሣ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሲሆን፣ ነዋሪው በዳር ያሉትን ቦሌ አራብሳን ከፒያሳ፣ ገላን ጉራን ከካዛንቺስ አወዳድሮ አልተነሣም። ስም ዝርዝር ወጣ፣ ቀን ተቆረጠ፣ የጭነት መኪና መጣ። የቀበሌ ቤት ውል የነበረው ምትክ አገኘ፤ ባለ ይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ ተባለለት። በግለሰብ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረው ግን በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፤ የካሳ ሕጉ የሚያውቀው ባለ ይዞታን እንጂ ተከራይን አይደለምና። ይህ ሰው ዛሬ ሰበታ ወይም ቡራዩ ተከራይቶ እየኖረ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ባቀረቡት ስሌት የሰበታን አስተዳደር «መርጧል»።

ይህን ስል የፈረሱት ሰፈሮች ሁሉ እንደነበሩ መቆየት ነበረባቸው ማለቴ አይደለም። መጸዳጃ ቤት ለሰባት ቤተሰብ አንድ የሆነበትን ግቢ የሚናፍቅ ካለ ኖሮበት የማያውቅ ነው። ተቃውሞዬ በቆጠራው ላይ ነው። በአስተዳደር ውሳኔ የተነሣን ሰው በአስተዳደር ላይ ፍርድ እንደሰጠ ሰው ቆጥሮ ድምዳሜ ላይ መድረስ ማስረጃውን በእግሩ ማቆም ሳይሆን በጭንቅላቱ መትከል ነው።

አሁን ደግሞ ያልሄዱትን እንይ። ጸሐፊው ስለነሱ ምንም አላሉም፤ የክርክሩ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የኪራይ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፈ። ኪራዩም ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው በዓይነቱ ልዩ የሆነ ሀብት ያዘ፤ ሊሸጠው አይችልም፣ በሕግ ሊያከራየው አይችልም፣ ግን እስከኖረበት ድረስ የማንንም ደመወዝ የማያንገዳግድ ኪራይ እየከፈለ በከተማዋ እምብርት ይኖራል። ከለቀቀ ሁሉም ነገር ያልቃል። ስለዚህ አይለቅም። ጣሪያው ቢያፈስ፣ የወረዳው ሊቀመንበር ቢያስለቅሰው፣ ልጁ አግብቶ በዚያችው ቤት ቆጥ ሠርቶ ቢኖር አይለቅም። ሦስት ትውልድ በአንድ ክፍል የኖረው አስተዳደሩን ወዶ ነው? በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን መልሱ «አዎ» ነው፤ የሄደ ጠልቶ ከሆነ የቀረ ወዶ መሆን አለበትና። መለኪያው እዚህ ላይ ይሰበራል። መሄድም መቅረትም የሚነግረን ሰውየው ምን እንደሚወድ ሳይሆን በእጁ ያለው ወረቀት ምን እንደሚፈቅድለት ነው።

በዚህ ነጥብ ውስጥ ግን ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፤ የሚገርመው እሳቸው ራሳቸው ሳይነኩት ማለፋቸው ነው። የአካባቢ ፖለቲካን እንደ መጽሐፍ እያነበበ የሚኖርበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው በእርግጥ አለ። እሱም የጨረቃ ቤት ሠሪው ነው። በከተማዋ ዳር ከአርሶ አደር ቦታ የሚገዛ ሰው ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውሃና ስለ መብራት አይደለም። «ይህ ወረዳ ያፈርሳል?» ነው የሚለው። «ካርታ ይወጣል ይባላል?»፣ «አዲሱ ሹም ምን ዓይነት ሰው ነው?»፣ «ከምርጫ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አዲስ አበባ ያለ ሰነድ የተያዙ ቦታዎችን መጀመሪያ ከ1988 ዓ.ም. በፊት የነበሩትን፣ ቀጥሎም በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ የታዩትን ሕጋዊ ስታደርግ፣ ለሚቀጥለው ሠሪ ያስተማረችው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ቶሎ ሥራ፣ ብዙ ሆነህ ሥራ፣ ጠብቅ። ሰው ይህን ትምህርት ሰምቶ ሄዷል። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ የተሠራው አንዱ ክፍል በዚህ ስሌት የተሠራ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከሹሙ ይልቅ ቦታ ገዢው ያውቀዋል፤ ሹሙ ከመሻሩ በፊት መጨረስ አለበት።

ስሌቱ አንዳንዴ ይሳሳታል። የካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ዶዘር ገባ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን «ሸገር ከተማ» ተብለው ሲጠቃለሉ ሰፊ የቤት ፈረሳ ተከተለ። መብራት የገባለት፣ ለመንገድ መዋጮ የከፈለ፣ የቀበሌ ሰው ቡና የጠጣበት ቤት ሁሉ በአንድ ማለዳ «ሕገ ወጥ» ሆነ። አስተዳደሩን መርጦ ሄዶ ነበር እንበል፤ እሺ። አስተዳደሩ ግን በሥሩ ተቀየረበት። እንግዲህ ይህ ሰው የመረጠው መልካም አስተዳደርን ነው ወይስ ዓይኑን የጨፈነ አስተዳደርን? ጸሐፊው ሁለቱን ለይተው ቢያዩ ኖሮ የጽሑፋቸው ግማሽ ይቀየር ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ጤፍ ይዘራ የነበረው አርሶ አደር አለ። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተነሣም። ለከተማው መስፋፋት በካሬ ሜትር ተሰልቶ ካሳ ተቀብሎ የለቀቀ፣ ወይም መንግሥት ሳይወስድበት ብሎ ቀድሞ ለግለሰብ የሸጠ ሰው ነው። የሚኖርበትን ቦታ ፖለቲካ የወሰነለት ሰው ይፈለግ ከተባለ ከሱ በላይ የሚጠራ የለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር። ሰው በማንነቱ እየተሰባሰበ ነው፣ ይህም አዲስ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በቶሎ ላንሳው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መሬቱ የተከፋፈለው ለመኳንንቱ ነበር፤ እያንዳንዱ መኳንንት ደግሞ ጭፍራውን፣ ባለሟሉን፣ ከመጣበት አገር የተከተለውን ሰው በዙሪያው አሰፈረ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጣሊያን መጣ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ዘመኑ ነጭና ጥቁር ተለይቶ የሚኖርባት ከተማ ሊሠራ ፈልጎ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ሽሮ ሜዳ የተሰበሰቡት የዶርዜ ሸማኔዎች ደግሞ አንዱ ሌላውን ያመጣው በሙያና በዘመድ ነው። ስለዚህ ሰው ከመሰሉ ጋር ሲሰፍር አዲስ አበባ ባዳ አይደለችም። ልዩነቱ ያኔም ሆነ አሁን ማን አሰፈረው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ግን ቀላል አይደለም፤ በፍርሃት ሰፈር የቀየረ ሰው የለም ብዬ አልከራከርም። መስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ የተፈናቀሉት ሰዎች አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ታይተዋል። ከዚያ ወዲህ «ልጆቼን ይዤ የት ብሆን ይሻላል» ብሎ ያልተጨነቀ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ጸሐፊው ግን ይህን ፍርሃት «ከወገን ጋር የመኖር ፍላጎት» ብለው ይሰይሙታል፤ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ሌሊቱን ልጁን አቅፎ የሸሸ ሰው ፍላጎቱን አልገለጸም። ሰላም ሲመለስ ብዙው ሰው ምን እንደሚያደርግም አይተናል፤ ኪራይ ወደሚቀንስበት፣ ሥራ ወደሚቀርብበት ይመለሳል። የቡራዩና የሰበታ የኪራይ ግቢዎች ዛሬም ከየክፍለ ሀገሩ በመጣ ሰው የተሞሉ ናቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ሕዝብ ጎረቤቱን ሲመርጥ ስለ ኪራዩ እንጂ ስለ ቋንቋው ብዙም ሲጠይቅ አላየሁም። አከራይ ተከራይን በማንነቱ ሲመርጥ ግን ሰምቻለሁ፤ ይህ ደግሞ የተከራይ ምርጫ ሳይሆን የተከራይ ዕድል መዘጋት ነው።

ከዚህም በላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥብ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሰው በማንነቱ እየተሰባሰበ ነው ካሉ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤት ምርጫ ሰጥቶታል ይላሉ። ታዲያ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ብሎኮች ውስጥ በአንድ ደረጃ ላይ የጎንደር፣ የወላይታ፣ የአርሲ፣ የትግራይና የጉራጌ ሰው በር ለበር ተያይቶ የሚኖረው ለምንድን ነው? በዕጣ ስለደረሰው ነው። ዕጣ ማንነት አይጠይቅም። የአገሪቱ በጣም የተቀላቀሉ ሰፈሮች የተፈጠሩት ማንም ጎረቤቱን ባልመረጠበት አሠራር መሆኑ ለጸሐፊው ጥያቄ ሊሆንባቸው ይገባ ነበር።

የዕጣውን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ «ምርጫ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚታየው እዚህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች (የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው ቆጥቦ የሚከፍለው መቶኛ፣ ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው) ምዝገባ ሲከፈት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየወሩ መቆጠብ ነበረበት። የመረጠው ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት ወይስ ባለ ሦስት መኝታ የሚለውን ነው። የት? አልተጠየቀም። መቼ? አልተነገረውም። ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ የሚል ድርሻ ተቀመጠ፤ ይህ ራሱ የፖለቲካ ውሳኔ ነው፣ እኔ በበኩሌ ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ። ዕጣው ሲወጣ ልደታ ተወልዶ ያደገው ሰው ኮዬ ፈጬ፣ ኮተቤ የሚሠራው ጀሞ ይደርሰዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ መሸጥ አይችልም። ማከራየት ይችላል፤ ብዙው ያደረገውም ይህንኑ ነው። የራሱን አከራይቶ፣ ለሥራው የሚቀርበውን የሌላ ሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ጸሐፊው ይህን «በተዘዋዋሪ መምረጥ» ይሉታል። እኔ አሠራሩ ያጣመመውን ነዋሪው በራሱ ወጪ ማቃናቱ ነው እላለሁ፤ እድሩን ጥሎ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ነቅሎ፣ ሁለት ጊዜ ጓዝ ጭኖ።

አንድ ነገር ግን አልክድም። እናቷ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ እሷ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት በስሟ ካርታ የያዘችው በዚህ ፕሮግራም ነው። ያለ እሱ መቼም አትይዝም ነበር። ጸሐፊው ይህን ሲያወድሱ ትክክል ናቸው፤ ስሙ ግን ምርጫ ሳይሆን ድልድል ነው።

ኮዬ ፈጬን ካነሣሁ አይቀር ጸሐፊው የዘለሉትን ልጨምር። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ32,653 የ20/80 እና የ18,576 የ40/60 ቤቶች ዕጣ ወጣ። በማግስቱ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ ጥያቄው የኮዬ ፈጬው ቤት የተሠራበት መሬት የማን ነው የሚል ነበር። ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣው ደም ያፈሰሰ ተቃውሞ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። ዕጣ የደረሰው ሰው ምሥራቹን ሰምቶ ቁልፉን ሳይዝ ተቀመጠ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ ደግሞ ማጭበርበር ተገኘበት ተብሎ ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ ደርሶት በሁለተኛው የቀረበት ሰው ሰፈሩን መርጦ ነበር? ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲሰመር በዳር ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ተዛወሩ። ነዋሪው አልጋውን ሳያንቀሳቅስ መታወቂያ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት፣ ግብር የሚከፍልበት መሥሪያ ቤት፣ ጉዳዩን የሚያይለት ፍርድ ቤት ተቀየረበት። «ሰው ያልወደደውን አስተዳደር ለቆ ይሄዳል» ለሚል ክርክር ከዚህ የበለጠ ተቃራኒ ምሳሌ አላውቅም። ሰውየው እንደተቀመጠ አስተዳደሩ ለቆት ሄደ።

የኪራዩ ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ፤ ጥቅም አለብኝ፣ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት በሚያወጣው ጣሪያ እንዲገደብ ያዝዛል። አከራዮች ከመፈራረማቸው በፊት ዋጋ ማንሣታቸውን፣ ለወረዳ የሚታየው ውልና በእጅ የሚከፈለው ብር የተለያየበት ቤት መኖሩን ጸሐፊው ሲናገሩ አያጋንኑም። አዋጁ ቀዳዳ አለው። ግን «ገበያው በራሱ ይሠራ ነበር» የሚለው ከየት መጣ? በከተማችን መሬት የሚያቀርበው መንግሥት ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። የአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ ለዓመታት ተቋርጦ በ2015 ዓ.ም. ነው እንደገና የተጀመረው። ጨረታ በማይወጣበት ዓመት አዲስ የኪራይ ቤት ከየት ይመጣል? ኪራዩን ያናረው ፖለቲካ ከአዋጁ በፊት ነው የገባው፤ ጸሐፊው ግን መቁጠር የጀመሩት ከአዋጁ ነው። ይህ ቤቱን አቃጥሎ ከዚያ እሳት አጥፊው ውሃ አበዛ ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ አሜሪካ ነው። ጸሐፊው ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የሰፈሩ ወገኖቻችንን በምሳሌነት ያመጣሉ፤ ለስደተኛ የሚመች አስተዳደር ፈልገው እዚያ ተሰበሰቡ ይላሉ። የሰፈሮቹን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ይነግራቸዋል። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ነበር፤ ኪራይ ሲንር ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወረዱ፤ እዚያም ሲንር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ። በየጊዜው ያንቀሳቀሳቸው የቤት ዋጋ ነው። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥቶ አማርኛን መሥሪያ ቤቶች ሊያስተናግዷቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ አድርጓል፤ ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፦ ሰዎቹ እዚያ ከሰፈሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ሕጉ ሰዎቹን ተከተለ እንጂ ሰዎቹ ሕጉን አልተከተሉም።

የአካባቢ ፖለቲካ በእርግጥ የሠራበት ቦታ ካለ ጸሐፊው ካዩት ሌላ ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ነው) ብዙ ቤት የሚገነባ ድርጅት ከሚሠራው የተወሰነውን ድርሻ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚመጥን ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በላይ መሥራት የሚከለክል ደንብ ለዐሥርተ ዓመታት ድሀውን ከሰፈር አስቀርቷል። ማን የት ይኑር የሚለው እዚያም የሚወሰነው በግንባታ ደንብ ላይ ድምፅ በሚሰጡት በቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ነው፤ አዲስ መጪው ገና አልገባም፣ ድምፅ የለውም።

የውድድሩ ሐሳብስ? እዚያ ነዋሪ ሲለቅ የንብረት ግብር ይቀንሳል፣ የትምህርት ቤቱ በጀት ይጎድላል፣ ከንቲባው ይሰማዋል። የእኛ ወረዳ በጀቱን የሚያገኘው ከላይ ነው። ሺህ ቤተሰብ ለቆ ቢሄድ የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ወንበር አይነቃነቅም፤ እንዲያውም ቦታው ለሊዝ ይለቀቅለታል። ነዋሪው በሌላ መንገድ እንዳይቀጣው ደግሞ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ዓመታት አልፈዋል። በካርድ የማይጠየቅን ሹም በጓዝ መጫን እናስፈራራው ማለት ሹሙን በደንብ አለማወቅ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ መብት አለው። በተግባር ግን ከሚለቀው ወረዳ መሸኛ፣ ከሚገባበት ወረዳ መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ የነዋሪነት መታወቂያ ከሌለው ደግሞ ለጋራ መኖሪያ ቤት መመዝገብ አይችልም። አዲስ አበባ አዲስ መታወቂያ መስጠት ያቆመችባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዛሬም የሚቆጥብ፣ የከተማዋን ኪራይ መክፈል አቅቶት ቡራዩ የገባ፣ መታወቂያውን ግን እንዳይመልስ አጥብቆ የያዘ ሰው አለ። ሌሊት የሚያድረው ሸገር ከተማ ነው፤ ተስፋው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ልጁ የሚማረው በአንዱ፣ እድሩ ያለው በሌላው ነው። ጸሐፊው መልስ የሚጽፉ ከሆነ ይህ ሰው ለየትኛው አስተዳደር ድምፅ እንደሰጠ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።